ዐሥራ ዘጠኝ እልፍ፦ ትምህርት ስለ ዐቢይ ቀመር ቀናት

አንድ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። ዓመቱን ወደ ቀን ስትመልሱት 194,313 ቀን ይሆናል። በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል፤ ዐሥራ ዘጠኝ እልፍ፣ አርባ ሦስት መቶ፣ ዐሥራ ሦስት። የዛሬው ትምህርት በዚህ አንድ ሙሉ ቁጥር ላይ ነው። ከምን ከምን እንደ ተሠራ፣ በምን በምን እንደሚካፈል፣ ከእሱ ያነሰ ቁጥር ለምን ሥራውን እንደማይሠራ፣ በሰማይ ያለችው ጨረቃስ ምን ያህል እንደምትገዛለት ቀስ ብለን እናያለን። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉኝ፤ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት፣ በጆሮ ብቻ አይገባም።

ጥያቄው የተነሣው ኮሶዬ ላይ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዛችሁ በኋላ ደጋው ድንገት ያልቅና ከገደል አፋፍ ትቆማላችሁ። ጭላዳዎቹ ቀን ሣር ሲግጡ ውለው ሲመሽ ለአዳር ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፤ ከታች ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። ጉም በሌለበት ሌሊት ሰማዩን የሚከልል ነገር ስለሌለ ጨረቃን ለመከታተል እንደዚያ የሚመች ቦታ ጥቂት ነው። እዚያ ባሕረ ሐሳብ ከሚማሩት የሰንበት ተማሪዎች አንዲቱ «የኔታ፣ አባቶች 500 ወይም 600 ቢሉት ምን ነበረበት? 532 ለመያዝ ያስቸግራል» አለች። እኔ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እወዳለሁ። «አባቶች ስላሉ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው መልስ ልጅቱንም አባቶችንም ይበድላል። ሊቃውንቱ ቁጥሩን ፈልገው አገኙት እንጂ ከብዙ ቁጥር መካከል ደስ ያላቸውን አልመረጡም። ሌላ ቁጥር ሊመርጡ ቢፈልጉም አይችሉም ነበር። ለምን እንደማይችሉ ማሳየት የዚህ ትምህርት ሥራ ነው።

አስቀድመን ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ እናስታውስ። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሣኤን ከእሑድ አታወጣም፤ ጌታ የተነሣው በእሑድ ነውና። ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ርክበ ካህናት ከረቡዕ፣ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ አይወጡም። ይህ አንዱ ሕግ ነው። ሁለተኛው ሕግ ትንሣኤ የአይሁድ ፋሲካ ከሚውልበት ከ14ኛው የጨረቃ ሌሊት በኋላ እንዲሆን ያዛል። ሦስተኛው ደግሞ በዓሉ በፀሐይ ዓመት ውስጥ ከወቅቱ እንዳይወጣ ይጠብቃል። ዕለት፣ ጨረቃ፣ ፀሐይ፤ ሦስቱ በየራሳቸው መንገድ ይዞራሉ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከተነሡበት ቦታ የሚመለሱት መቼ ነው? ዐቢይ ቀመር ማለት የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከፀሐይ እንጀምር። ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው። ሩቧ ቀን በአራት ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ትሆንና በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜንን 6 ታደርጋታለች። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተብለው አራቱ ዘመናት አንድ ዙር ሲጨርሱ 1,461 ቀን ይሆናል። ይህችን 1,461 በደንብ ያዟት፤ በትምህርቱ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች።

አሁን ዕለትን እንጨምርበት። 1,461ን ለ7 ስታካፍሉት 208 ሳምንት ይወጣና 5 ይተርፋል። ስለዚህ ዘንድሮ መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ወንጌላዊ ዘመን አምስት ዕለት ወደ ፊት ተራምዶ ማክሰኞ ይውላል። ከ8 ዓመት በኋላ ሁለት ጊዜ አምስት 10፣ በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ከ12 ዓመት በኋላ 1፣ ከ16 በኋላ 6፣ ከ20 በኋላ 4፣ ከ24 በኋላ 2፣ ከ28 በኋላ ምንም። በዚህ ጊዜ ዕለቱና ወንጌላዊው ተገናኙ ማለት ነው። ይህን 28 ዓመት ሊቃውንቱ ዐውደ ፀሐይ ይሉታል። ቀኑ 10,227 ነው፤ በሳምንት ሲቆጠር ደግሞ ልክ 1,461 ሳምንት ነው፤ ያቺ ቁጥር መጣች። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንዳለ፣ በ28 ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሳምንት አለ።

ለምን 28 ሆነ? 4 እና 7 የሚጋሩት አካፋይ ስለሌለ ነው። ነገሩን በሌላ እንየው። ከኮሶዬ አንዱ ጎረቤት በየ4 ቀኑ፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ጎንደር ገበያ ይወርዳሉ እንበል። ዛሬ ገበያ ላይ ቢገናኙ ዳግም የሚገናኙት በ24ኛው ቀን ይመስላል፤ ግን በ12ኛው ቀን ይገናኛሉ። 4ም 6ም በ2 ስለሚካፈሉ መንገዱ በግማሽ አጠረላቸው። ሁለተኛው ሰው በየ7 ቀኑ የሚወርድ ቢሆን ግን ማሳጠሪያ የለም፤ 28ኛውን ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለው ይህ ነው። አካፋይ የማይጋሩ ቁጥሮች የሚገናኙት ሙሉ ብዜታቸው ላይ ብቻ ነው።

ወደ ጨረቃ እንለፍ፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት፣ አንዱ 30 አንዱ 29 እየሆነ፣ 354 ቀን ይሞላሉ። ከ365 ሲቀነስ 11 ይተርፋል። ይህ ትርፍ አበቅቴ ነው። በየዓመቱ 11፣ 11 እየተደመረ ሲሄድ፣ 30 በሞላ ቁጥር አንድ ወር ሆኖ ይገደፋል። የአበቅቴ ማሟያ የሆነው የመጥቅዕ መነሻ ደግሞ 19 ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸውና አበቅቴና መጥቅዕ በየትኛውም ዓመት ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ አንዱን ያገኘ ሌላውንም አገኘ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እነዚህን መነሻዎች ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። እሱም ጥቅምት 12 የምናስበው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ነው። በትውፊቱ እሱ ለሌሊት የያዘው 23 ሱባኤ በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል። ለቀን የያዘው 7 ሱባኤ በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፣ 30 ሲገደፍለት 19 ይቀራል።

ከ19 ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? 19 ጊዜ 11፣ 209 ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሚገቡት ሰባት ትርፍ የጨረቃ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ቢሆኑ 210 ይሆናሉ። የአንድ ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህች አንድ ቀን በዙሩ መጨረሻ ላይ ትዘለላለች። ወንበሩ፣ ማለት ዓመቱ በ19ኙ ውስጥ ከአልቦ (ከዜሮ) ጀምሮ ሲቆጠር ያለው ተራ፣ 18 በሆነ ጊዜ አበቅቴ 18 ነው፤ 11 ሲጨመርበት 29 ሊሆን ሲገባው ወንበሩ ወደ አልቦ ይመለስና አበቅቴም አብሮ አልቦ ይሆናል። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ነው፤ መደመሩን ብቻ ይዞ ከሄደ በየ19 ዓመቱ በአንድ ቀን ይሳሳታል። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት አሉ፦ 19 ጊዜ 12፣ 228 ሲሆን ሰባቱ ትርፍ ወራት ይጨመሩበታል። ይህንን ዙር በአቴና ሜቶን የተባለ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስታውቆታል። በእኛ ዘንድ ዐውደ አበቅቴ ወይም ንዑስ ቀመር ይባላል።

የመጥቅዑን ዝርዝር ከወንበር አልቦ እስከ ወንበር 18 ጻፉት፦ 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12። አሁን 14ን ፈልጉት። የለም። መጥቅዕ በዓለ መጥቅዕ የሚውልበት ቀን ነው፤ ወሩን የሚለየው ሕጉ «መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል» ይላል፤ እኩል ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይናገርም። መናገር አላስፈለገውም፤ 14 በ19ኙ ወንበሮች ውስጥ አይመጣም። በአጭር ሕግ ውስጥ ይህን ያህል ጥንቃቄ ተቀምጦ ሳይ የአባቶችን እውቀት አከብራለሁ።

እንግዲህ ሦስት ቁጥሮች በእጃችን አሉ፦ የወንጌላውያን 4፣ የዕለታት 7፣ የአበቅቴ 19። 7 እና 19 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ 4 ደግሞ ሁለት ጊዜ 2 ነው። ከሦስቱ አንዱም ከሌላው ጋር አካፋይ አይጋራም። ስለዚህ መገናኛቸው ሙሉ ብዜታቸው ነው። 4 በ7፣ 28። 4 በ19፣ 76፤ ይህ ዐውደ ማኅተም ነው፤ በእሱ አበቅቴና ወንጌላዊ ይገናኛሉ። 28 በ19፣ ወይም 76 በ7፣ 532። ይህ ዐውደ ቀመር፣ ማለት ዐቢይ ቀመር ነው፤ በእሱ ዕለትም ወንጌላዊም አበቅቴም ይገናኛሉ። 500 ለ19 አይካፈልም፣ ለ7ም አይካፈልም። 600ም እንዲሁ። ልጅቱ የጠየቀችው ክብ ቁጥር ለአፍ ይመቻል፤ ከሦስቱ ዙሮች ሁለቱን ግን ያፈርሳል።

ማስረጃውን በአንድ ዓመት ላይ እንፈትነው። 2018ን ውሰዱ። 5500 ሲጨመርበት ከፍጥረት የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም 7518 ነው። ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1,879 ሲደመሩ 9,397፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ነው። 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመኑ ስንተው ወንበር 12። 12 በ19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18፣ ስለዚህ አበቅቴ 12። መጥቅዕ ከ14 በላይ ነውና በመስከረም፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7፤ 18 እና 7፣ 25። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ ከጥር ይነሣልና፣ ነነዌ ጥር 25። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ ተውሳኩ 9 ይሆናል። 25 እና 9፣ 34፤ 30ው ሲወጣ 4። ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

አሁን ከ532 ያነሱ ሦስት አካፋዮችን እንሞክር። 28 ዓመት ጨምረን ወደ 2046 ብንሄድ ዘመኑ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ሐሙስ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ደስ ይላል። መጥቅዑ ግን 8 ሆኗል፤ ጨረቃዋ ሌላ ቦታ ናት፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 25 ይሆናል። 76 ጨምረን 2094 ብንደርስ ዘመኑ ማርቆስ፣ መጥቅዑም 18 ነው፤ መስከረም 1 ግን ሰኞ ስለሚውል ትንሣኤ ወደ መጋቢት 30 ይመጣል። የ532 ግማሽ የሆነውን 266 ጨምረን 2284 ላይ ስንቆም መጥቅዑ 18 ነው፤ ዘመኑ ግን ዮሐንስ፣ ዕለቱም ሰኞ። እያንዳንዱ አካፋይ አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቃል። ወደ ኋላ 532 ዓመት ሄደን 1486ን ስናሰላ ማርቆስ፣ ሐሙስ፣ መጥቅዕ 18፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4። አፄ እስክንድር ያረፉበት ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ሰው የጾመውን ጾምና ያከበረውን በዓል፣ በቀን በቀኑና በዕለት በዕለቱ፣ የ2018 ሰው ይደግመዋል።

532 የራሱ ሌላ ጌጥም አለው። 1፣ 4፣ 7፣ 10 እያላችሁ ሦስት ሦስት እየጨመራችሁ 19 ቁጥር ጻፉ፤ የመጨረሻው 55 ይሆናል። ሁሉንም ደምሩ፤ 532 ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ተደምረው 56፣ አማካያቸው 28፤ 28 በ19 ደግሞ ያው ነው። ከባሕረ ሐሳብ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ምሥጢር አድርጋችሁ እንዳትተረጉሙት። ግን ልጆች ሲደምሩት ፊታቸው ሲበራ ስለማይ አስተምረዋለሁ።

ወደ ትልቁ ቁጥር እንመለስ። 532 ዓመት ውስጥ 133 የአራት ዓመት ዙሮች አሉ፤ 133 በ1,461 ሲባዛ 194,313። ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲፈታ 3፣ 7፣ 19 እና 487 ይወጣል፤ አራቱ ተባዝተው ይሰጡታል። 7 ከሳምንት፣ 19 ከአበቅቴ የመጡ ናቸው። 3 እና 487 ግን የመጡት ከ1,461 ነው፤ የፀሐይ ዓመት ከነሩቡ ትቶት የሄደው ፍሬ ይህ ነው። 4 የት ሄደ ብላችሁ መጠየቅ ይገባችኋል፤ 194,313 ጎዶሎ ቁጥር ነውና ለ2 እንኳ አይካፈልም። 4 ዓመቱን ቆጥሮ ሩቦቹን አንድ ቀን ካደረገ በኋላ ሥራው አለቀ፤ ዓመቱ ወደ ቀን ሲለወጥ ሩቡና አራቱ ተጣፍተዋል። አራት ብቸኛ ፍሬ ያለው ቁጥር ዐሥራ ስድስት አካፋዮች አሉት፤ ከእነሱ መካከል 30 የለም፣ 12ም የለም። ቀኖቹን በ30 ቀን ወራት እኩል ልትከፍሏቸው ብትሞክሩ ይተርፋል።

194,313ን ለ7 አካፍሉት፤ 27,759 ሳምንት ይወጣል፣ ትርፍ የለውም። ይህን 27,759 አስተውሉት። 76 ዓመት በቀን ሲቆጠር ስንት ነው? 19 ዙሮች የ1,461፤ 27,759። በዐውደ ማኅተም ውስጥ ያለው የቀን ብዛት በዐውደ ቀመር ውስጥ ካለው የሳምንት ብዛት ጋር አንድ ነው። ቅድም በ4 እና በ28 ያየነው ነው፤ እዚያ 1,461 ቀን 1,461 ሳምንት ሆነ፣ እዚህ 27,759 ቀን 27,759 ሳምንት ሆነ። 7 በማንኛውም ዙር ላይ ሲባዛበት እያንዳንዱ ቀን ወደ ሳምንት ያድጋል። የጨረቃ ወራትን ብትቆጥሩም እንዲሁ በሙሉ ቁጥር ታገኟቸዋላችሁ፦ 28 ጊዜ 235፣ 6,580 ወር። በ194,313 ቀን ውስጥ ዓመትም የጨረቃ ወርም ሳምንትም ሳይሰበሩ ያልቃሉ።

የዙሩን ታሪክ ላነሣ። 532ን እንደ አንድ ሙሉ ዙር አድርጎ ያዘጋጀው በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያ መነኩሴ አኒያኖስ ነው፤ ከልደት በፊት ያለውን ዘመን 5500 የሚያደርገው የእኛ ስሌትም ከእሱ የመጣ ነው። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራ ኢትዮጵያውያን ይህን የእስክንድርያ ትምህርት እንዴት እንደ ጠበቁ አሳይቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአማርኛ «ባሕረ ሐሳብ» ብለው ትልቅ መጽሐፍ ጽፈውበታል። በብራና ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቁጥሩ የዕለት መሣሪያ ነው። በድሮ ጽሑፎቻችን ዓመተ ምሕረት ተብሎ ከ532 በታች የሆነ ትንሽ ቁጥር ተጽፎ ስታገኙ አትደንግጡ፤ ጸሐፊው በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለውን ተራ እየጻፈ ነው። መነሻው ዓመተ ሰማዕታት ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱ የእኛ 277 ነበር። ከሁለት ዙር በኋላ የሚጀምረው 1341 ነውና፣ ጽሑፉ የዚያ ዙር ከሆነ በቁጥሩ ላይ 1340 ጨምሩበት። 288 ተብሎ የተጻፈ ቢሆን 1628 ይሆናል፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩበት ዓመት ነው። ሌላም ነገር ላሳያችሁ፦ ዓመተ ሰማዕታት ከመጀመሩ በፊት ያለቀው ዓመተ ዓለም 5776 ነው። ይህም 76 በ76 ነው። ሰባ ስድስት ዐውደ ማኅተም ሞልቶ አዲሱ ቆጠራ ጀመረ።

ከዓመተ ዓለም መነሻ ሲቆጠር አሁን የምንኖረው በ15ኛው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው። 7518ን ለ532 ስታካፍሉ 14 ይደርሳል፣ 70 ይተርፋል፤ 2018 የዙሩ 70ኛ ዓመት ነው። ዙሩ በ1949 ጀመረ፤ በ2480 ያልቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። መጋቢት 26 የሚውለው ወንበሩ 15 ሆኖ መጥቅዑ ዓርብ ሲውል ብቻ ነው፤ ከ19 ወንበር አንዱ፣ ከ7 ዕለት አንዱ ሲገጥሙ። 7 በ19፣ 133፤ 532ን ለ133 ስታካፍሉ 4። ስለዚህ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ይመጣል፦ በዚህኛው በ2002፣ በ2097፣ በ2192 እና በ2439። የ2002ቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ዳግመኛ የሚያየው ዕድሜ የተሰጠው ነው።

አሁን የከበደው ጥያቄ መጣ። የሰማይዋ ጨረቃ ለቁጥሩ ትገዛለታለች? ኮሶዬ አፋፍ ላይ ቆሞ ጨረቃን በዓይኑ ለሚከታተል ሰው ይህን መደበቅ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ከበዓለ መጥቅዕ እስከ ፍሥሕ፣ ማለት እስከ 14ኛው ሌሊት፣ 190 ቀን ነው። በ2018 ከመስከረም 18 ተነሥታችሁ ብትቆጥሩ መጋቢት 28 ላይ ትደርሳላችሁ። በዚያው ዓመት ጨረቃ በሰማይ ሙሉ የምትሆነው ግን መጋቢት 24 ንጋት ላይ ነው። የአራት ቀን ልዩነት አለ። ከየት መጣ? አንድ የጨረቃ ወር በአማካይ 29.530588 ቀን ነው፤ በ6,580 ሲባዛ 194,311 ቀን ከሩብ ገደማ ይሆናል። ዐቢይ ቀመር ከጨረቃዋ በ1.73 ቀን ገደማ ይረዝማል፤ በየ300 ዓመቱ አንድ ቀን እንደ ማለት ነው። ከፀሐይም ጋር እንዲሁ፤ ትክክለኛው የወቅቶች ዓመት 365.2422 ቀን ስለሆነ በ532 ዓመት ውስጥ አራት ቀን ያህል ይለያያሉ።

ምዕራባውያን ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ1582 የጎርጎርዮስን አቆጣጠር አወጡ። ለሰማይ ቀረቡ፤ የከፈሉት ዋጋ ግን የዙሩ ርዝመት ነው። በእነሱ ስሌት የፋሲካ ቀናት ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ የሚደገመው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ዙር በብራና ገጾች ላይ ዘርግቶ ለደቀ መዝሙሩ የሚያስረክብ መምህር አይገኝም። በዘመኑ የነበረው ዮሴፍ ስካሊገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1583 ለታሪክ ቆጠራ የሚሆን ሰፊ ዙር ሲፈልግ ያገኘው 532ን በ15 አባዝቶ 7,980 ነው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች ቀን የሚቆጥሩበት ዘዴ እስከ ዛሬ ከዚያ ላይ ይነሣል። የእኛ 15ኛ ዐቢይ ቀመር የሚያልቀውም በዓመተ ዓለም 7980 ነው። የሁለቱ መነሻ የተለያየ ስለሆነ መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ዘመን ቆጣሪዎች በተለያየ አገር አንድ ቁጥር ላይ መደገፋቸው ግን አጋጣሚ አይደለም።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። 194,313 በቁጥርነቱ እንከን የለበትም፤ የተሰጡትን ሦስት ዙሮች በሚገባ ያገናኛል። ጉድለቱ ያለው ለጨረቃና ለፀሐይ የተሰጣቸው መነሻ መጠን ሙሉ ባለመሆኑ ላይ ነው፤ ይህም ሰማይ በሙሉ ቁጥር ስለማይሄድ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው በደባርቅም በእስክንድርያም ያለው ምእመን በአንድ ቀን ጾሞ በአንድ ቀን እንዲፈስክ ነው፤ ይህን አደራ በትክክል ይፈጽማል። ልጆች ግን ሁለቱንም ይማሩ። መጋቢት 24ን በዓይናቸው ይዩ፣ መጋቢት 28ን በስሌት ያውጡ፣ ለምን እንደ ተለያዩም ይናገሩ። ስልክ ላይ የተጻፈ የበዓላት ዝርዝር ማንበብ ለዚህ አያበቃም።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ጎንደር ከተቆረቆረች ጀምሮ አንድ ዐቢይ ቀመር ገና አልሞላትም፤ 1628 ላይ 532 ስትጨምሩ 2160 ይመጣል። የ2160ን ትንሣኤ አስሉ። ዓመተ ዓለሙ 7660 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1,915 ደርሶ ምንም አይተርፍም፣ ዘመኑ ዮሐንስ። ሁለቱን ደምራችሁ በ7 ግደፉ፣ 6 ይቀራል፣ መስከረም 1 እሑድ። በ19 ስትገድፉ 3 ይቀራል፤ ወንበሩ 2፣ መጥቅዑ 8። ከዚህ ወዲያ ያለውን እናንተ ጨርሱት፣ ከዚያም 1628ን ለብቻው አስሉና አስተያዩ። ሁለቱም ሚያዝያ 22 ካልመጡላችሁ፣ መጥቅዑ ከ14 ያነሰ ስለሆነ በዓሉ ጥቅምት 8 መዋሉን አስተውሉ፤ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ተውሳኩም 5 ነው፤ ነነዌንም ከየካቲት አንሡ።